የሰሙ አንድ ዲግሪ

ሰም ሲሞቅ መጀመሪያ የሚሸተው ማር ነው። ቆይቶ የጭስ ሽታ ይከተላል፤ ያኔ ከእሳት ላይ ካልወረደ ተበላሸ ማለት ነው። ይህን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ባለፈው ቅዳሜ ያስታወሰኝ ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ እሳት ያልነካው አንድ ብረት ድስት ነው።

ቁስቋም ሰፈር ያደግኩበት ግቢ ሊፈርስ ነው ብላ የድሮ ጎረቤታችን እትዬ ማርታ ደወለችልኝ። "የእናትሽ ዕቃ እኔ ጋ አለ፤ ነይና ውሰጂው። የምገባበት ኮንዶሚኒየም ለእኔም አይበቃኝ" አለች። ከሽሮ ሜዳ በላይ ታክሲ አጣሁና አቀበቱን በእግሬ ወጣሁት። ካርቶኑን በረንዳው ላይ፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጣው ነበር። ስከፍተው ድስቱ ጠርዝ ላይ ደርቆ የቀረው ሰም በፀሐዩ ለስልሶ ማር ማር ሸተተኝ። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። እትዬ ማርታ የደከመኝ መስሏት ውሃ ልታመጣልኝ ገባች።

አሥር ዓመቴ ነበር፤ አራተኛ ክፍል። እናቴ ዘነበች ጧፍ ሠሪ ነበረች። አባቴን አላውቀውም፤ ስለ እሱ የማውቀው ነገር ቢኖር እናቴ ስለ እሱ ስትጠየቅ ሥራ እንደሚበዛባት ብቻ ነው። አንዲት ክፍል ነበረችን። የምንተኛውም፣ የምናበስለውም፣ ሰሙ የሚቀልጠውም እዚያችው ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ ከምስማር ምስማር ተወጥሮ የሚደርቀው ጧፍ ስለሚበዛ ልብሳችንን የምንሰቅልበት ቦታ አልነበረንም።

ከሽሮ ሜዳ የሚመጣውን ፈትል ደራርባ በቀለጠው ሰም ውስጥ ታሳልፈዋለች። ከዚያ ሳይደርቅ ጣውላ ላይ በመዳፏ እያንከባለለች ታለሰልሰዋለች። የእኔ ሥራ የደረቀውን እኩል እኩል ቆርጬ በሃያ በሃያ ማሰር ነበር። የሰሙን ሙቀት የምታውቀው በትንሿ ጣቷ ነው። ነከር ታደርግና ታወጣታለች፤ ሰሙ ጣቷ ላይ ወዲያው ከነጣ ቀዝቅዟል፣ ካቃጠላት ደግሞ በዝቷል። ልክ ሲሆን "አሁን" ትላለች። እኔም ብዙ ጊዜ ጣቴን ነክሬ "አሁን" ብያለሁ፤ አንድ ቀንም ልክ ሆኜ አላውቅም።

ትልቁ ሥራዋ የኅዳር ቁስቋም ነበር። ለዚያ በዓል የሚሆነውን ከመስከረም ጀምራ ትሠራለች። በዚያ ዓመትም እንደዚያው ጀመረች።

በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤት ውስጥ ቲቸር ጌታነህ ስለ ቁስ አካል ማስተማር ጀመሩ። ቲቸር ጌታነህ ረጅም፣ ኮታቸው ሁልጊዜ ጠመኔ የሞላበት፣ ስንስቅባቸው አብረውን የሚስቁ ሰው ነበሩ። ነገር ሁሉ ወይ ጠጣር ነው፣ ወይ ፈሳሽ ነው፣ ወይ ጋዝ ነው አሉን። ምሳሌ ስጡ ሲሉ ሁሉም ድንጋይ፣ ውሃ፣ አየር እያለ ጮኸ። እኔ እጄን አውጥቼ "ሰም" አልኩ።

"የቱ ላይ ነው የምትመድቢው?"

"ጠዋት ጠጣር ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ፈሳሽ ነው።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቲቸር ግን አልሳቁም፤ ጠመኔውን አስቀምጠው "ይህቺ ልጅ መጽሐፉን ቀድማዋለች" አሉ። ያን ቀን ወደ ቤት የገባሁት እየሮጥኩ ነው። እናቴ ስነግራት "እንኳን አልሳቁ" ብላ ትንሽ ሰም በጣቷ አፍንጫዬ ላይ ለጠፈችልኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ቲቸር ቡታጋዝና ማንቆርቆሪያ ይዘው መጡ። ረጅም ቴርሞሜትር ውሃው ውስጥ ከተቱና በየተራ እየወጣን እንድናነብ አደረጉ። መጽሐፉ ውሃ በመቶ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ይላል። የእኛ ውሃ እየተንፈቀፈቀ፣ እንፋሎቱ ጣሪያ እየነካ፣ ቴርሞሜትሩ ዘጠና አንድ ላይ ቆሞ አልነቃነቅ አለ።

"ቲቸር፣ ተበላሽቷል!" ብለን ጮኽን።

"አልተበላሸም" አሉ። "መጽሐፉ የጻፈው ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ነው። እኛ እንጦጦ ሥር ነን፤ ከፍታ ላይ ነን። እዚህ ውሃ ቶሎ ይፈላል።" ቀጥለውም ሌላ አገር ፋራናይት በሚባል መለኪያ እንደሚጠቀሙ ነገሩን። በዚያ መለኪያ ውሃ በረዶ የሚሆነው ዜሮ ላይ ሳይሆን ሠላሳ ሁለት ላይ ነው። ወደ እኛ ለመመለስ መጀመሪያ ሠላሳ ሁለት ይቀነሳል፣ ከዚያ በአምስት ይባዛል፣ ለዘጠኝ ይካፈላል።

መቀነስ እንደሚቻል ያወቅሁት ያኔ ነው። እጄን አወጣሁ።

"ታዲያ የቱ ነው እውነቱ?"

"ሁለቱም እውነት ናቸው። ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ከማመናችሁ በፊት በምን ተለካ፣ የት ሆኖ ተለካ ብላችሁ ጠይቁ።"

ይህችን ደብተሬ ላይ ጽፌ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩባት። እስከ ዛሬ ልረሳት ብሞክር አልሆነልኝም።

እናቴን ጥቅምት ሲገባ አመማት። መጀመሪያ ራሴን አለች፣ ከዚያ ሆዴን አለች፣ ከዚያ ምግብ እምቢ አላት። ሳምንት እንዲህ ስትል ቆየችና እትዬ ማርታ ከሥራዋ ቀርታ ከጤና ጣቢያ ሲስተር ብርቄን ይዛ መጣች። ሲስተር ብርቄ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትናገርም ቁጣ የሚመስልባት ልጅ ነበረች። ታይፎይድ ነው ብላ ኪኒን ሰጠቻት።

"እኔን ከሰማሽ ግን ሆስፒታል አልጋ ብትይዢ ነው የሚሻለው" አለቻት።

"ልጄን ማን ጋ ጥዬ?"

"ዘመድ የለሽም?"

"እህቴ ደብረ ብርሃን ናት። እዚያ ልላካት? ትምህርቷስ?"

ሲስተር ብርቄ እኔን አየችኝ። ከቦርሳዋ ቀጭን የመስታወት ቴርሞሜትር አወጣች። "ቁጥር ታነቢያለሽ?" አለችኝ። እንዴት እንደሚራገፍ፣ እናቴ ብብት ሥር እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ብርማዋ መስመር የት ላይ እንደቆመች እንዴት እንደሚታይ አሳየችኝ። "በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ለኪና ጻፊ። ከሠላሳ ስምንት ተኩል ካለፈ በዚያው ቀን እትዬ ማርታን ትልኪብኛለሽ።" ወደ እናቴ ዞረች። "ያኔ አልጋ ትይዣለሽ። ክርክር የለም።"

እናቴ "እሺ" አለች። እኔ ደግሞ ያን ቴርሞሜትር ይዤ የዓለም ሊቅ የሆንኩ መሰለኝ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ እሳቱ ፊት ተቀምጣ ሰም ታቀልጣለች። ፊቷ ቀልቷል። ቴርሞሜትሩን አራግፌ ብብቷ ሥር አደረግኩላት። አምስት ደቂቃ ቆጠርኩና አወጣሁት።

"ስንት ይላል?"

"ሠላሳ ስምንት ነጥብ ዘጠኝ።"

ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ጧፍ አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። "እሳት ፊት ተቀምጬ እኮ ነው" አለች። "ሰሙም የራሱ ሙቀት አለው።"

ስንት ጊዜ በልቤ መልሼ መላልሼ ሰምቼዋለሁ። እናቴ ቀንሺ አላለችኝም። እኔ ነኝ፣ ያቺ ከመጽሐፉ የቀደመችው ጎበዝ ተማሪ፣ የት ሆኖ ተለካ ብሎ መጠየቅን የተማርኩት፣ "ስንት ልቀንስ እማዬ?" ያልኳት።

ትንሽ አሰበች። "አንድ ቀንሺ። አንዱ የሰሙ ነው።"

ሠላሳ ሰባት ነጥብ ዘጠኝ ብዬ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ምንም አልተጠራጠርኩም። ፋራናይት ላይ ሠላሳ ሁለት ከተቀነሰ፣ እንጦጦ ሥር ውሃ ከዘጠና አንድ በላይ አልሞቅም ካለ፣ ጧፍ ሠሪ እናት ላይ አንድ ቢቀነስ ምን ይገርማል? ለእሷ የሚሆን መለኪያ የሠራሁላት መሰለኝና ኮራሁ።

እንዲህ ሆነን ቀጠልን። በየቀኑ እለካለሁ፣ ቁጥሩን ጮክ ብዬ እነግራታለሁ፣ አንድ እቀንሳለሁ፣ እጽፋለሁ። ስታልባት ደስ ይለኝ ነበር። ትኩሳት ወደ ፈሳሽ ተለውጦ ሲወጣ ነው ላብ የሚሆነው ብዬ በራሴ ደምድሜያለሁ፤ ሰም ሲሞቅ ፈሳሽ ይሆን የለም እንዴ? ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ያራሰችውን አንሶላ ጠዋት ሳሰጣ "ዛሬ ብዙ ወጣልሽ" እላታለሁ። እሷም "አዎ፣ ብዙ ወጣልኝ" ትለኛለች። ጧፉንም አላቆመችም። መዳፏ ጣውላው ላይ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ያን ሰሞን የሠራችው ጧፍ ጎርበጥባጣ ነው፤ እኔ ነበርኩ ደግሜ የማንከባልለው።

አንድ ከሰዓት ስመለስ ተኝታለች። ለካሁ። ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ሰባት። አንድ ቀንሼም ሠላሳ ስምንት ነጥብ ሰባት ሆነ። ከሲስተር ብርቄ ወሰን አለፈ። እስክሪብቶዬን ይዤ ቆምኩ።

"ምን ሆንሽ?" አለችኝ ዐይኗን ሳትገልጥ።

ነገርኳት።

"ዛሬ እሳቱ በርትቶ ነበር። አንድ ተኩል አድርጊው።"

ምድጃውን አየሁት። ከሰሉ አመድ ሆኗል። እጄን ድስቱ ላይ አሳረፍኩ፤ ሰሙ ረግቶ ቀዝቅዟል። ያን ቀን ጭራሽ እሳት አልነደደም ነበር። እናቴን ዞሬ አየኋት፤ ዐይኗን ገልጣ እያየችኝ ነው። ሠላሳ ስምንት ነጥብ ሁለት ብዬ ጻፍኩ።

ልጅ ነበርሽ፣ ምን ታውቂያለሽ ይሉኛል ሰዎች። ያኔ ግን አውቄ ነው። እውነቱን ብጽፍ እሷን ሆስፒታል፣ እኔን ደብረ ብርሃን እንደሚወስዱን አውቄያለሁ። አክስቴን ያየኋት አንድ ጊዜ ነው። ከእናቴ ጎን መተኛት ነበር የምፈልገው፣ በቃ። እናቴ ስለ እኔ ብላ ዋሸች፤ እኔም ስለ እኔ ብዬ ዋሸሁ።

በማግስቱ ሲስተር ብርቄ መጣች። ከትምህርት ቤት ገና መግባቴ ነበር። እናቴ እንደምንም ተነስታ እሳት አንድዳ ድስቱ ፊት ተቀምጣለች። ሲስተር ብርቄ ደብተሩን ገለጠች። "ጎበዝ፣ ጽሑፍሽ ያምራል" አለችኝ። ከዚያ የእጇን ጀርባ እናቴ ግንባር ላይ አሳረፈችና ፊቷን ቋጠረች።

"ትሞቂያለሽ እኮ።"

"ከእሳቱ ፊት ነኝ እኮ ሲስተር።"

ሲስተር ብርቄ ወደ እኔ ዞረች፤ ጎንበስ ብላ ፊቴን እያየች "ስሚኝ። እውነት እንዲህ ነው ያነበብሽው?" አለችኝ።

እናቴ ጣቷን ሰሙ ውስጥ ነከር አድርጋ አወጣች። ሰሙ ጣቷ ላይ ሲነጣ አየሁ።

"አዎ" አልኩ።

ሲስተር ብርቄ ሌላ ኪኒን ጨምራ ሄደች። በእሷ አልፈርድም። ከእጇ ጀርባ ይልቅ ቴርሞሜትር ይታመናል ተብላ ነው የተማረችው፤ እውነትም ይታመናል። የማይታመነው የሚጽፈው ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች ይምታቱብኛል። ሆዷ መንፋቱን አስታውሳለሁ። እትዬ ማርታ ማታ ማታ መጥታ እጇን ጭና ስትጸልይላት፣ እናቴም ወደ ማርያም ስዕል ዞራ "አሜን" ስትል አስታውሳለሁ። "ማርታዬ፣ ያንቺም የእኔም ይስሙን" ትላት ነበር። የበዓሉ ጧፍ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶት ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ስነቃ ክፍሏ ቀዝቅዛለች። እናቴ ብዙውን ጊዜ ቀድማኝ ትነሳና እሳት ታያይዝ ነበር፤ ያን ቀን አልተነሳችም። አንሶላው ተጨምቆ የሚፈስ እስኪመስል ርሷል። ሌሊት ሆዷን ይዛ ስታቃስት በእንቅልፍ ልቤ ሰምቻታለሁ፤ አሁን ግን ዝም ብላለች። እጇን ያዝኩት፤ ቀዝቃዛ ነው። ጠዋት ለክቼ አላውቅም ነበር፤ የዚያን ቀን ግን መጠበቅ አልቻልኩም። ቴርሞሜትሩን አራገፍኩ፣ ብብቷ ሥር አደረግኩ፣ ቆጠርኩ።

ሠላሳ ስድስት ነጥብ አራት።

"እማዬ! ወረደ! ወረደልሽ እኮ!"

"እውነት?" አለች። ከንፈሯ ደርቆ ነበር።

"እውነት! እሳትም የለም፣ ምንም አልቀንስም! ሁሉም በላብ ወጣልሽ!"

ፈገግ አለች። እጇን አንስታ ፊቴን ልትነካኝ ፈልጋ ነበር፤ መንገድ ላይ ደከማትና ደረቴ ላይ አረፈ። "እንግዲያው ሂጂ፣ ትምህርት እንዳያልፍሽ" አለችኝ። ቁጥሩን በትልቁ ጻፍኩ። ሥሩን በቀይ አሰመርኩበት። ከዚያ ሄድኩ።

ቲቸር ጌታነህን ግቢው በር ላይ አገኘኋቸውና "ቲቸር፣ እናቴ ዳነች!" አልኳቸው። "እሰይ!" ብለው ጭንቅላቴን አሻሹኝ።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ እትዬ ማርታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ክፍሉ በር ላይ ቆመች። እናቴን ጎረቤት ተሸክሞ መኪና ላይ አውጥቷት ሆስፒታል ደርሳ ነበር፤ ከዚያ በላይ ግን አልቆየችም። ሐኪሙ አንጀቷ ሌሊት ላይ ተበስቶ ነበር አላቸው። እንዲህ ሲሆን ሰውነት በድንገት ይቀዘቅዛል፣ ቤተሰብም የተሻለው ይመስለዋል አለ አሉ። ይህን የሰማሁት በልቅሶው መሐል፣ ትልልቅ ሰዎች እኔ የማልሰማ መስሏቸው ሲያወሩ ነው።

ለኅዳር ቁስቋም ብላ የሠራችውን ጧፍ ፍትሐቷ ላይ አበሩት። ያ ሁሉ ሰው በእጁ የያዘው የእሷን ነው። የጎረበጠውን ከለሰለሰው ለይቼ አውቀው ስለነበር የታመመችበትን ቀን ሁሉ በሰው እጅ ላይ ሲቀልጥ ቆሜ አየሁ። አለቀስኩ ማለት አይበቃም። ጮኽኩ፤ አጥፉት፣ አጥፉት እያልኩ ጮኽኩ።

በሦስተኛው ቀን ቲቸር ጌታነህ ድንኳኑ ውስጥ ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ። ከዚያ ጠየቅኳቸው።

"ቲቸር፣ ሰም የሚያቀልጥ ሰው ሰውነቱ በአንድ ዲግሪ ይጨምራል?"

"ለምን ጠየቅሽኝ?"

ነገርኳቸው። ሁሉንም። አንዱንም፣ አንድ ተኩሉንም፣ ለሲስተር ብርቄ ያልኳትንም። ኮታቸው ላይ ያለውን ጠመኔ በጣታቸው እየጠረጉ ሰሙኝ። ውሃው ዘጠና አንድ ላይ ሲፈላ ተበላሽቷል ብለን ስንጮህባቸው ከቁጥሩ ፈቀቅ ያላሉ ሰው ናቸው።

"አዎ" አሉኝ። ድምፃቸው ጥሩ አልነበረም። "ይጨምራል። አንድ ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ልክ ነው የሠራሽው።"

አመንኳቸው። ብዙ ዓመት አመንኳቸው። ውሸት መሆኑ በገባኝ ቀን ደግሞ ከዚያ በላይ ወደድኳቸው።

ቅዳሜ ዕለት ካርቶኑ ውስጥ ድስቱን፣ ጣውላውንና ከሥሩ ደብተሩን አገኘሁ። እትዬ ማርታ ውሃውን ይዛ ወጥታ ደብተሩን እጄ ላይ ስታየው ቆመች።

"ስንት ጊዜ ላቃጥለው አስቤ ነበር" አለች። "እንዳታነቢው ብዬ። አልቻልኩም፤ የእጅ ጽሑፍሽ ስለሆነ።"

"ታውቂ ነበር እትዬ?"

"እጄን እጭንባት ነበር እኮ የኔ ልጅ። ሰውነቷ ያቃጥል ነበር። ደብተሩ ያለውን አምኜ ተውኩት።" አጠገቤ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

ቦርሳዬ ውስጥ እስክሪብቶ ነበረኝ። ገለጥኩና ከመጀመሪያው ቀን ጀመርኩ። በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ የቀነስኩትን አንድ መልሼ ደመርኩ፤ በአንዱ ላይ አንድ ተኩል። ሠላሳ ስምንት ነጥብ ዘጠኝ። ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ሁለት። ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ሰባት። የእናቴ ትኩሳት ገጹ ላይ እንደ አዲስ ወጣ።

የመጨረሻው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። በትልቁ የተጻፈው፣ በቀይ የተሰመረበት። እሱ ላይ የምደምረው የለኝም፤ ያን ቀን ምንም አልቀነስኩም ነበር። በዚያ ደብተር ውስጥ አንድ ትክክለኛ ቁጥር እሱ ብቻ ነው፤ እሱን ይዤ ነው እየዘለልኩ ትምህርት ቤት የሄድኩት።